ያልጠራሁት ፓኬጅ ከየት መጣ?

ጥያቄው የመጣው ከደምበጫ ነው። ጠያቂዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ናት። 20 ኮምፒውተር ያለው ላብ በእጇ ነው፤ ሁሉም ላይ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው የሊኑክስ ስርዓት ተጭኗል። የጻፈችውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ተማሪ እያለሁ የለመድኩት ‹አፕት-ጌት አፕግሬድ› ነው። ያለውን ያድሳል፣ በቃ። ሰሞኑን ለብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ያላየ አንድ ኮምፒውተር ላይ ‹አፕት አፕግሬድ› ብዬ ስጽፍ 8 አዲስ ፓኬጅ ልጭን ነው አለኝ። አንዱንም አልጠየቅኩም። ሌሎች 3 ደግሞ ‹ኬፕት ባክ› ብሎ ትቷቸዋል። ቫይረስ ይሆን እንዴ? እምቢ ብል ምን ይመጣብኛል? ዳታውን የምሞላው ከደመወዜ ነው።»

የስክሪኑንም ፎቶ አያይዛለች።

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። እኔም እዚሁ ደብረ ማርቆስ ስንት ዓመት የሰው ኮምፒውተር ሳድስና ሳበላሽ የኖርኩ ነኝ። መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ፤ ቫይረስ አይደለም። ፎቶው ላይ ያሉትን ስምንቱንም አይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም የታወቁ የኡቡንቱ ፓኬጆች ናቸው። ግን «ዋይ» (እሺ) ከመጫንሽ በፊት ቆም ማለትሽን ወድጄዋለሁ። እኔ ቆም ማለት የተማርኩት በዋጋ ነው፤ እሱን ወደታች አጫውትሻለሁ።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ከስልክ ላይ ስለምጽፍ ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የማስቀምጣቸው፤ ተርሚናል ላይ በለመድሽው ፊደል ጻፊያቸው። ሌላው፣ ፓኬጅ ስል የሶፍትዌር ጥቅል ማለቴ ነው እንጂ የምትገዢውን የኢንተርኔት ፓኬጅ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያስቃል፤ አንዱ ሌላውን ይበላዋልና።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አፕት የኡቡንቱ ፓኬጅ ማውረጃና መጫኛ ነው፤ አፕት-ጌት ደግሞ የድሮው አጠራሩ። ልዩነቱ የመጣው ከትዕዛዙ ነው። «አፕት-ጌት አፕግሬድ» በጣም ቁጥብ ነው። አዲስ ነገር አይጭንም፣ የነበረውንም አያነሳም። አንድ ፓኬጅ ለመታደስ ሌላ አዲስ ፓኬጅ ካስፈለገው፣ ጭራሽ ሳያድሰው ያልፈዋል። «አፕት አፕግሬድ» ግን ካስፈለገ አዲስ ይጭናል፤ የነበረውን አያነሳም። ሦስተኛው «አፕት ፉል-አፕግሬድ» ነው። እሱ ይጭናልም፣ ያነሳልም። በአፕት-ጌት ወግ ስሙ «ዲስት-አፕግሬድ» ነው።

ስለዚህ የድሮው ትዕዛዝ ዝም ማለቱ ሁሉ ሰላም ስለነበር አይደለም። አዲስ ነገር የሚጠይቁትን ፓኬጆች እየዘለለ ነው። ከሚዘላቸው ዋናው ደግሞ ከርነሉ ነው፤ ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሰው የስርዓቱ እምብርት። በዚያ ትዕዛዝ ብቻ የሚኖር ኮምፒውተር ብሮውዘሩም ምኑም እየታደሰ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ከርነል የተጫነ ዕለት የነበረው ሊሆን ይችላል። አንቺ ዘንድ የሆነው ይሄ ይመስለኛል።

እንግዲህ ስምንቱን እንግዶች እንያቸው። ድግስ ላይ አንድ ሰው ትጠሪያለሽ፤ እሱ አማቹንና የአማቹን ወንድም ይዞ ከች ይላል። በር ላይ ቆሞ «አንተን ማን ጠራህ?» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ነውር የለውም። እንዲያውም መጠየቅ ያለበት ጥያቄ እሱ ብቻ ነው። መጠየቂያውም «አፕት አርዲፔንድስ» ነው። ከኋላው ሁለት ሰረዝና «ኢንስቶልድ» ጨምሪ፣ ከዚያ የእንግዳውን ስም። ቀድሞ ከተጫኑት ውስጥ ማን እንደሚፈልገው ይነግርሻል። «አፕት ሾው» ደግሞ እንግዳው ራሱ ምን እንደሆነና ማንን እንደሚያስከትል ያሳይሻል። ሁለቱም ምንም አይጭኑም፤ አንዴ «አፕት አፕዴት» ካልሽ በኋላ ዳታም አይበሉም።

ከስምንቱ አምስቱ የከርነል ቤተሰብ ናቸው። ስማቸው በ«ሊኑክስ» ይጀምራል፤ ኢሜጅ፣ ሞጁልስ፣ ሞጁልስ-ኤክስትራ፣ ሁለት ሄደርስ። የጠራቸው ገና ኡቡንቱ ሲጫን አብሮ የገባ «ሊኑክስ-ጄነሪክ» የሚባል ፓኬጅ ነው። ይሄ ፓኬጅ ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የያዘው የጥሪ ወረቀት ብቻ ነው፤ «የዘንድሮው ከርነል እገሌ ነው፣ እሱን አስገቡ» ይላል። አዲስ ከርነል ሲወጣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ይቀየራል። አፕትም ስሙን ያያል፣ የለም፣ ስለዚህ «አዲስ» ብሎ ይመዘግበዋል።

ለምን በአሮጌው ላይ አይደርበውም ካልሽ፣ ሆን ተብሎ ነው። ከርነል ስሙ ውስጥ ቁጥሩን ይዞ ለብቻው ይጫናል፤ አሮጌውም ጎኑ ይቀመጣል። አዲሱ አልነሳም ቢል ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከግራብ (የማስነሻው) ሜኑ አሮጌውን መርጠሽ ትገቢያለሽ። ላብ ሙሉ ተማሪ በር ላይ ቆሞ አዲሱ ከርነል ከኔትወርክ ካርዱ ጋር ሲጣላ ይሄ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያየ ያውቀዋል። መጠኑ ግን ቀላል አይደለም። አምስቱ አንድ ላይ ከ100 ሜጋባይት ያልፋሉ።

ስድስተኛው «ሊብኤልኤልቪኤም15» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በየትኛውም ሊኑክስ ላይ ያልታሰበ አዲስ ፓኬጅ የሚመጣበትን ትልቁን በር የሚያሳየው እሱ ነው።

የጠራው ሜሳ ነው፤ ስክሪን ላይ ስዕል የሚስለው የግራፊክስ ሶፍትዌር። 22.04 በኤፕሪል 2022 ሲወጣ የነበረው ሜሳ የሚሠራው ከ«ሊብኤልኤልቪኤም13» ጋር ነበር። በኋላ ሜሳ ሲታደስ 15ን ፈለገ። አንቺ «13 አለኝ፣ 15ን ለማግኘት 13ን ማደስ አይበቃም ወይ?» ልትይ ትችያለሽ። አይበቃም። የላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ስብስብ) ስም ጫፍ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ጎማ ቁጥር እዪው። ባለ 13 ጎማ ለባለ 15 ቸርኬ አይሆንም፤ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን። ቁጥሩ የሚነግርሽ ዕድሜውን ሳይሆን ልኩን ነው። ላይብረሪው ከውጭ የሚታይበት ቅርጽ ሲለወጥ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ቁጥሩ ሲቀየር የፓኬጁ ስም ይቀየራል፤ ስሙ ሲቀየር አፕት «አዲስ» ይለዋል። አሮጌው 13 ሌላ የሚፈልገው ካለ ጎን ለጎን ይኖራል። ከሌለ «አያስፈልግም» ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

ወደፊት ወደ 24.04 ስትሻገሪ ደግሞ የዚህን ጎርፍ ታያለሽ። ስማቸው መጨረሻ ላይ «ቲ64» የተለጠፈባቸው በርካታ ላይብረሪዎች ይመጣሉ። «ሊብኤስኤስኤል3» የነበረው «ሊብኤስኤስኤል3ቲ64» ሆኖ ታገኚዋለሽ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቁጥሩን በ32 ቢት የሚይዙት 2,147,483,647 ላይ ሲደርሱ ይሞላባቸዋል። ይሄም የሚሆነው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ስትመልሺው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ይውላል፤ የጥምቀት ዕለት! ሰዓቱ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ታቦቱ ገና ከባሕረ ጥምቀቱ ሳይነሳ። ይሄን መጀመሪያ ያሰላሁ ቀን ብቻዬን ስቄያለሁ። ዴቢያን (ኡቡንቱ የተሠራበት ሊኑክስ) እና ኡቡንቱ ይህን ለመቅደም ጊዜን በ64 ቢት እንዲይዙ ላይብረሪዎቹን እንደገና ሠሩ፤ ልካቸው የተለወጠ መሆኑ እንዲታወቅም ስማቸው ላይ ምልክት ጨመሩ። ያንቺ ኮምፒውተሮች ባለ 64 ቢት ቢሆኑም ስሙ ለሁሉም ስለተቀየረ እነሱም ላይ ይመጣል።

ሰባተኛው «ኡቡንቱ-ፕሮ-ክላየንት» ነው። ይሄ አዲስ ሰው አይደለም፤ ስሙን የቀየረ ነው። ድሮ «ኡቡንቱ-አድቫንቴጅ-ቱልስ» ይባል ነበር። ማርቆስን አስቢ። የድሮ ስሟ መንቆረር ነው። አንድ የገጠር ሽማግሌ «መንቆረር አድርሰኝ» ቢሉ ሾፌሩ ግራ አይጋባም፤ ማርቆስ ያወርዳቸዋል። አድቫንቴጅ-ቱልስ አሁን እንደዚያ ነው። ውስጡ ተራግፎ ሥራው ወደ አዲሱ ስም ዞሯል፤ በድሮው ስም የሚጠራውን ወደ አዲሱ ይመራል። እንዲህ ያሉ ፓኬጆች መግለጫቸው ላይ «ትራንዚሽናል» የሚል ቃል አለባቸው። እሱን ካየሽ አትጨነቂ።

ስምንተኛው የሰባተኛው ተከታይ ነው፤ የፕሮ-ክላየንቱን መልዕክት በሌሎች ቋንቋዎች የሚተረጉም ፋይል የያዘ። ይሄኛው የግድ አይደለም። አንዱ ፓኬጅ ሌላውን የሚጠራበት ደረጃ አለውና። ቡና ያለ ጀበና አይፈላም፤ ይሄ «ዲፔንድስ» ነው። ቡና ቁርስ ባይኖርም ቡናው ይጠጣል፣ ግን ሰው «ምነው?» ማለቱ አይቀርም፤ ይሄ «ሬኮሜንድስ» ነው። ዕጣኑ ደግሞ እንደ ቤቱ ነው፤ «ሰጀስትስ»። አፕት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ራሱ ይጭናል። ዴቢያን ሬኮሜንድስን በራሱ መጫን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው «ሌኒ» ከሚባለው ስሪቱ ጀምሮ ነው። ፓኬጅ ሲታደስም ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ምክር ከጨመረ፣ አፕት ምክሩን ተቀብሎ ያስገባዋል።

እምቢ ማለት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ መልሱ እዚህ ነው። ቡና ቁርሱን እምቢ ማለት ትችያለሽ። ሁለት ሰረዝ ብለሽ «ኖ-ኢንስቶል-ሬኮሜንድስ» ጨምሪበት፤ የግድ ያልሆኑት ይቀራሉ። ዳታሽን ትንሽ ይቆጥባል። ሁልጊዜ እንዲህ አድርጊ ግን አልልሽም። አንዴ አንድ ፕሪንተር አልሠራም ብሎ ግማሽ ቀን ሲያለፋኝ፣ የጎደለው እኔው ራሴ «ምን ያደርጋል» ብዬ ያስቀረሁት ሬኮሜንድስ ሆኖ አገኘሁት።

ጀበናውን እምቢ ማለት ግን ቡናውንም እምቢ ማለት ነው። «አፕት-ማርክ ሆልድ» የሚል ትዕዛዝ አለ፤ አንድን ፓኬጅ ባለበት ያቆመዋል። ከርነሉን በእሱ ብታቆሚ አምስቱ አይመጡም፣ ግን የደህንነት ማስተካከያውም አይመጣም። ለአንድ ሳምንት፣ ለፈተና ሰሞን፣ ደግ። ከዚያ በላይ አልመክርም። ሆልድ ያደረገ ሰው ሆልድ ማድረጉን ይረሳል።

አሁን ያን በዋጋ የተማርኩትን ላጫውትሽ፤ ምክንያቱም ጥያቄሽ ውስጥ አንድ ያልጠየቅሽው ነገር አለ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሳድስ ነበር። ለአንድ ፕሮግራም አዲሱን ስሪት ፈልገው ስለነበር ከኡቡንቱ ውጭ የሆነ ሪፖ (የፓኬጅ ማከማቻ) ጨምሬበታለሁ። መሽቷል፤ መብራትም አንዴ ሄዶ መጥቷል፤ ዳግመኛ ሳይሄድ ልጨርስ ብዬ ቸኩያለሁ። «ፉል-አፕግሬድ» አልኩ። ዝርዝሩ መጣ። እኔ ዓይኔ የሄደው «ኒው» የሚለው ላይ ነው፤ እንዳንቺ። አዲሶቹን ቆጠርኩ፣ ብዙም አይደሉም። «ዋይ» ብዬ ኢንተር መታሁ። «ሪሙቭድ» የሚለውን ክፍል አላነበብኩትም። እዚያ ውስጥ ዴስክቶፑ በሙሉ ነበረበት።

የውጭው ሪፖ ይዞት የመጣው ላይብረሪ ከኡቡንቱው ጋር አንድ ቤት መኖር አልቻለም። አፕት ደግሞ የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ አንዱን ለማስገባት ሌላውን አስወጣ። እንደገና ሲከፈት ጥቁር ስክሪንና «ሎጊን» የሚል ጽሑፍ ብቻ። ያዳነኝ «ሂስትሪ ሎግ» ነው። ቫር ውስጥ፣ ሎግ ውስጥ፣ አፕት የሚባል ፎልደር ውስጥ ይገኛል። የትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ትዕዛዝ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ አንድ ሳይቀር ይጽፋል። «ሪሙቭ» የሚለውን መስመር አይቼ፣ የውጭውን ሪፖ አስወግጄ፣ ዴስክቶፑን በስልኬ ዳታ መለስኩት። ቤት የገባሁት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩ ሲመጣ መጀመሪያ «ሪሙቭድ» የሚለውን ፈልጊ። ከሌለ፣ ግማሽ ጭንቀትሽ ወረደ። ያንቺ ፎቶ ላይ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ «አፕት አፕግሬድ» አያነሳማ። «ፉል-አፕግሬድ» ካልሽ ግን ሳታነቢ አትለፊ። ቀድመሽ ማየት ከፈለግሽ «አፕት-ጌት» ብለሽ «ሰረዝ ኤስ» ጨምሪ፤ ሲሙሌት ማለት ነው። ምን ሊያደርግ እንደነበር ይነግርሽና ምንም ሳያደርግ ይወጣል።

«ኬፕት ባክ» የተባሉት ሦስቱ ብዙም አያስጨንቁም። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አንዳንድ ማሻሻያዎችን በአፕትም በኩል ለሁሉም በአንድ ቀን አይለቅም፤ በመቶኛ ከፋፍሎ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ኮምፒውተሮች ይቀምሱታል፤ ችግር ካልተሰማ ይጨመራል። ያንቺ ተራ አልደረሰም ማለት ሳይሆን አይቀርም። «አፕት ፖሊሲ» ብለሽ የፓኬጁን ስም ብትጽፊ «ፌዝድ» ከሚል ቃል ጋር ስንት በመቶ እንደደረሰ ታያለሽ። በስሙ ጠርተሽ «አፕት ኢንስቶል» ብትዪ በግድ ይገባል፤ ግን አታድርጊው። አፕት ያን ፓኬጅ «ባለቤትየዋ በእጇ የጫነችው» ብሎ ይመዘግበዋል። ነገ ባያስፈልግ እንኳ በራሱ አይወጣም።

አንድ ጥርጣሬ አለኝ። 20ውን ኮምፒውተር አንዱን ጭነሽ ዲስኩን በመገልበጥ ነው ያባዛሽው? ብዙ ላብ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ከሆነ «ማሽን-አይዲ» የሚባለው መለያ ቁጥራቸው አንድ ሊሆን ይችላል። የተራው ዕጣ የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ቁጥር ነው። ስለዚህ 20ውም አንድ ላይ ይቀራሉ፣ ወይም አንድ ላይ ይቀምሳሉ። የተበላሸ ማሻሻያ ከመጣ ሁሉም በአንድ ቀን ይወድቃሉ። ኢቲሲ ውስጥ ያለውን የ«ማሽን-አይዲ» ፋይል በሁለት ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ አስተያዪ። አንድ ከሆነ ንገሪኝ፤ ማስተካከያው አጭር ነው።

«ማን ጠራው?» የሚለው ጥያቄ ዝም ብሎ የዳታ ጉዳይ እንዳይመስልሽ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ባለሙያ ኤክስዜድ በሚባለው ፋይል መጭመቂያ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር ማግኘቱን አሳወቀ። የነቃው ኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከሩቅ መግቢያው) ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። የሚገርመው ግን ኤስኤስኤች በራሱ ኤክስዜድን አይፈልግም። ዴቢያንን ጨምሮ አንዳንድ ስርጭቶች ኤስኤስኤችን ከሲስተምዲ (አገልግሎቶችን ከሚያስነሳው ፕሮግራም) ጋር እንዲነጋገር ስለለጠፉት ሲስተምዲ ገባ፤ የሲስተምዲ ላይብረሪ ደግሞ የኤክስዜዱን ይዞ ገባ። የእንግዳ እንግዳ። መደበኛዎቹ የኡቡንቱና የዴቢያን ስሪቶች ላይ አልደረሰም፤ የሙከራዎቹ ላይ ተይዟል። ያንቺም 22.04 አልነካውም።

ፌዶራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ነገሩ ያው ነው። የፌዶራው መጫኛ ዲኤንኤፍም የግድ ያልሆኑ ተከታዮችን ያስገባል፤ «ኢንስቶል-ዊክ-ዴፕስ» የሚለውን ማጥፊያ አለው።

አሁን ወደ ደመወዝሽ እንምጣ። 20 ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ፓኬጅ 20 ጊዜ ማውረድ የለበትም። የአንቺ ማሽን ላይ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» የሚባል ፓኬጅ ጫኚ። በሌሎቹ 19 ላይ የአፕት ፕሮክሲ አድራሻ ወደ አንቺ ማሽን፣ ፖርት 3142 እንዲሆን አንድ መስመር ጻፊ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ያወረደውን ሌሎቹ ከአንቺ ማሽን በላቡ ኬብል ይወስዱታል። ዳታሽ የሚነካው አንዴ ነው።

ላቡ ኔትወርክ ከሌለው ፍላሽ አለ። «አፕት-ጌት ዲስት-አፕግሬድ» ብለሽ «ሰረዝ ዲ» ስትጨምሪ ማውረድ ብቻ ያወርዳል። ፋይሎቹ ቫር ውስጥ፣ ካሽ ውስጥ፣ አፕት ውስጥ፣ አርካይቭስ ውስጥ ይቀመጣሉ። እነሱን ወደ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች እዚያው ቦታ ገልብጪ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው «አፕት» ሲጠቀም ነው። «አፕት» ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን ይሰርዛል፤ «አፕት-ጌት» ያስቀምጣል። ኢንዴክሱም (የፓኬጆቹ ዝርዝር) ስለሚያስፈልግ «አፕት አፕዴት» በየኮምፒውተሩ አንዴ መሮጥ አለበት።

ፋየርፎክስን ደግሞ አትርሺ። 22.04 ላይ ፋየርፎክስ ስናፕ የሚባል ሌላ ዓይነት ጥቅል ነው፤ በአፕት አይታደስም፣ በካሸሩም አያልፍም። ክሮሚየምም ከ19.10 ጀምሮ እንደዚያው ነው፤ በአፕት ስትጭኚው የሚመጣው ፓኬጅ ወደ ስናፕ መሪ ብቻ ነው። ስናፕ በቀን 4 ጊዜ አዲስ ነገር ካለ እያየ ሳይጠይቅሽ ያወርዳል። የ20 ኮምፒውተር ፋየርፎክስ በየራሱ ሲወርድ አስቢው። «ዳታዬን ምን በላው?» ስትዪ የነበረ ከሆነ፣ ከስምንቱ እንግዶች ይልቅ እሱን ጠርጥሪ። «ስናፕ ሪፍሬሽ» ብለሽ ሁለት ሰረዝና «ሆልድ» ጨምሪ፤ በራሱ ማውረዱን ያቆማል። በወር አንዴ በእጅሽ «ስናፕ ሪፍሬሽ» ትያለሽ። «ስናፕ ዳውንሎድ» የሚባልም አለ፤ አንዴ አውርደሽ በፍላሽ ማዞር ትችያለሽ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አንድ ኮምፒውተር እመርጣለሁ፤ ተማሪ የማይቀመጥበትን፣ ጥግ ላይ ያለውን። ዓርብ ከሰዓት እሱ ላይ «አፕት አፕግሬድ» ብዬ ስምንቱንም አስገባለሁ። ሪስታርት አድርጌ «ዩኔም ሰረዝ አር» ስል አዲሱ ከርነል ቁጥሩን ካሳየ፣ ስክሪኑ፣ ኔትወርኩና ፕሪንተሩ ከሠሩ፣ ሰኞ ሌሎቹን 19 አስከትላለሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም አላነሳም። ከዚያ «አፕት አውቶሪሙቭ»። ይሄ የማንሳት ትዕዛዝ ስለሆነ ዝርዝሩን ቀስ ብለሽ አንብቢ። አሁን እየሠራ ያለውን ከርነል አይነካም፤ የቆዩትን ነው የሚያወጣው። እዚያ ውስጥ «ሊብኤልኤልቪኤም13» ካየሽ አትደንግጪ፤ ጎማው ተቀይሯል።